በስሙ የማይጠራው ሕንፃ

አክስቴ ሰው ቤት ስትጋበዝ መጀመሪያ የምታየው ጣሪያውን ነው። ሙሽራ አቅፋ እየሳመች እንኳ ዓይኗ በሙሽራዋ ትከሻ ላይ አልፎ ግድግዳው ላይ ይንከራተታል። ከዚያ ባለቤቱን ጠጋ ብላ፣ ይህ ስንጥቅ ዘንድሮ የመጣ ነው ወይስ የቆየ ብላ ትጠይቃለች። እናቴ በታላቅ እህቷ ነገር መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች። አክስቴ ግን ምን እንዳጠፋች አይገባትም። ጥርሳቸውን አላየሁባቸው፣ ጣሪያቸውን ነው ያየሁት ትላለች።

ሃያ ስድስት ዓመት የኖረችው ሕንፃ ስታይ ነው። የምትሠራበት ድርጅት ምን እንደሚሠራ ለሰው ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ እኔም አብሬያት እየኖርኩ ለመረዳት ብዙ ወር ፈጅቶብኛል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ባንክ ትልልቅ የንግድ ሕንፃ ላላቸው ሰዎች ያበድራል። ካበደረ በኋላ ግን ጣሪያው አፈሰሰ፣ ሊፍቱ ቆመ፣ ኢንሹራንሱ አለፈ እያለ የሚከታተልበት ጊዜ የለውም። ያንን በእሱ ፋንታ የሚከታተልለት ሌላ ድርጅት ይቀጥራል። አክስቴ በዚህ ድርጅት የቁጥጥር ክፍል ኃላፊ ናት። እያንዳንዱ ሕንፃ በየዓመቱ ይጎበኛል፤ የተበላሸ ነገር ከተገኘ ባለሕንፃው እንዲያስተካክል ደብዳቤ ይጻፍለታል፤ እምቢ ካለ ውሉን እንዳፈረሰ ይቆጠርበታል። ሠራተኛው እትዬ ሜትር ይላታል፤ ዓይኗ ያየውን ሁሉ ካልለካች አታምንምና።

ደብዳቤው እንዲጻፍ የሚወስነው የአመራር ቡድኑ ነው። አራት ሰዎች ናቸው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ይሰበሰባሉ። ሥራ አስኪያጁ ሽበታም፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ከባድ ነገር ሲመጣባቸው መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ፤ ጠርገው ሲጨርሱ «ይታሰብበት» ይላሉ። ሠራተኛው በሌሉበት የሚጠራቸው በዚሁ ቃል ነው፤ ይታሰብበት ገቡ፣ ይታሰብበት ወጡ ይላል። የሕግ ኃላፊዋ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት፤ ነጠላ ሰረዝ የተዛነፈበት ደብዳቤ ካየች ምሳ አይበላላትም። የገንዘብ ኃላፊው ግዙፍ ነው። ስብሰባ ላይ ብስኩት ይበላል እንጂ ብዙ አይናገርም፤ ከተናገረም መጨረሻ ላይ የተናገረው ሰው ትክክል ነው ይላል። አራተኛዋ አክስቴ ናት። ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ትቀመጥና ግድግዳውን ታያለች። ያን ጊዜ ዝም ማለት ይሻላል።

ይህ ቡድን ሕንፃን በስሙ አይጠራም። ስሙ፣ ሰፈሩ፣ ባለቤቱ፣ ተከራዩ፣ አንዱም ስብሰባ ላይ አይነሳም፤ ቁጥሩ ብቻ ነው የሚነሳው። ወረቀቱ ወደ ስብሰባ ከመግባቱ በፊት የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ማንነትን የሚገልጠውን ቃል ሁሉ በነጭ ማጥፊያ ቀለም ትሸፍነዋለች፤ ደብዳቤ ሲወጣም ስምና አድራሻ የምትሞላው እሷ ብቻ ናት። ደንቡን ያወጣችው ራሷ አክስቴ ናት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የነበሩት ሥራ አስኪያጅ የሚስታቸው ወንድም ሆቴል ጣሪያው ሲያፈስ፣ ዘንድሮም እንለፈው እያሉ ሦስት ዓመት አሳለፉት። በመጨረሻ የኮርኒሱ ክፋይ አንድ አስተናጋጅ ላይ ወደቀ። ሰውየው ተረፈ፣ ክንዱ ግን እንደ ቀድሞው ትሪ መሸከም አልቻለም። አክስቴ ያን ቀን ጠረጴዛ መታች። ስም ካልሰማን ለማንም አናደላም አለች፣ ሁሉም አጨበጨቡ። አግብታ አልወለደች፣ ቤት አልሠራች፤ በዚህ ዓለም የእኔ ነው የምትለው ነገር ቢኖር ያ ደንብ ነው።

ድርጅቱ ከሚከታተላቸው ከሦስት መቶ በላይ ሕንፃዎች መካከል ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ቁጥር አንድ አምስት ፎቅ ነው። ከሥር ፋርማሲና የመነጽር ሱቅ አለው። አራተኛ ፎቅ ላይ የሕፃናት መዋያ አለ፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የተቀጠርኩት እዚያ ነው፣ ሃያ ሁለት ልጅ አበላለሁ፣ አስተኛለሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው ቢሮ ደግሞ ራሱ ድርጅቱ ነው። ሌሎቹ ሦስት አመራሮች ግን የተከራዩበት ሕንፃ ባለቤት ከራሳቸው ተበዳሪዎች አንዱ መሆኑን አያውቁም። በደንቡ መሠረት ማወቅም አይገባቸውም።

ከሦስት ዓመት በፊት ድርጅቱ ሥራውን ወደ ኮምፒውተር ሲያዛውር የቆየው ወረቀት ይጣል አይጣል የሚል ክርክር ተነሳ። የሕግ ኃላፊዋ አይጣልም አለች፣ የገንዘብ ኃላፊው ትክክል ነች አለ፣ ሥራ አስኪያጁ ይታሰብበት አሉ። እስኪታሰብበት ድረስ ካርቶኖቹና የብረት ካቢኔቶቹ ለሁለት ሳምንት የኋላ ደረጃው ላይ ይቀመጡ ተባለ። ሁለት ሳምንቱ ሦስት ዓመት ሆነ። አክስቴ የራሷን ክፍል አሥራ አራት ካርቶን በአሥራ አምስተኛው ቀን ቤት አምጥታ ደረደረችው፤ እኔ ስመጣ አልጋዬ በካርቶኖቹ መካከል ተዘረጋ። የቀረው ግን ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ፎቅ የሚወስደውን ደረጃ ድመት እንኳ እንዳያሳልፍ አድርጎ ዘጋው።

ባለፈው ወር መጀመሪያ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ መዋያውን አየና ሁለተኛ መውጫ የላችሁም አለ። ወሩ የሚያልቅበት ዓርብ እመለሳለሁ፣ ያን ጊዜ የኋላ ደረጃው ካልተከፈተ እዘጋለሁ ብሎ ሄደ። የመዋያዋ ባለቤት ወዲያው ሦስተኛ ፎቅ ወርዳ ለመነች። በጽሑፍ አቅርቢ አሏት። በጽሑፍ አቀረበች። ምን እንደተባለች መናገር አያስፈልግም።

እኔም ቤት ስገባ ለአክስቴ ነገርኳት። ሾርባዋን ትታ የጉብኝት መዝገቧን አወጣች። ጉዳዩን የወሰደችው ወረቀት በሚሄድበት መንገድ ነው፤ ሌላ መንገድ አታውቅም። የሁለት መቶ አሥራ ሰባት የዓመቱ ጉብኝት ተራ ደርሶ ነበር፤ ባለሕንፃው የተበደሩት አምና ስለሆነ የመጀመሪያው ነው። የእህቴ ልጅ እዚያ ስለምትሠራ እኔ አላየውም አለችና ምክትሏን ላከች። ምክትሏ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ፣ ግን ያየውን የማይደብቅ ሰው ነው። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ፎቅ ያለው የኋላ ደረጃ በተከራይ ካርቶንና ካቢኔት ተዘግቷል፤ ከላይ ሕፃናት አሉ፤ እሳት ቢነሳ መውጫ የላቸውም።

ማክሰኞ ሪፖርቱ ተነበበ። አክስቴ እንደነገረችኝ የሕግ ኃላፊዋ ወረቀቱን ገፋ አድርጋ፣ ይህ ተከራይ ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ልጅ አልወለደም ወይ አለች። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን እንኳ አላወለቁም፤ ይህ የሚታሰብበት ነገር አይደለም አሉ፤ በስድስት ዓመት የመጀመሪያቸው ነው። ምክትሏ የሊፍቱ መስታወት ጥጉ ላይ መሰበሩን ጭምር ጽፎ ነበር። የገንዘብ ኃላፊው ብስኩቱን አስቀምጦ፣ የእኛም ሊፍት መስታወት እኮ እንዲሁ ነው፣ ዘንድሮ ሊፍት ሁሉ መስታወቱ ተሰብሯል አለ። አክስቴ እስኪ ሄደን ሕንፃውን እንየው አለች። የሕግ ኃላፊዋ ገርመም አድርጋ አየቻት።

«ሄደን ካየነው እኮ አወቅነው» አለቻት። «ደንቡ የእርስዎ አይደል እንዴ?»

ለባለሕንፃው ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ፦ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ተከራዩ ዕቃውን ያንሳ፤ ካላነሳ ተከራዩ ይውጣ፤ ካልወጣ ባለሕንፃው ውሉን እንዳፈረሱ ይቆጠራል። ያን ቀን አክስቴ ቤት ስትገባ በሩን የዘጋችበት ድምፅ ታች ያሉትን ጎረቤቶች አስወጣቸው። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስል ነው ልጄ» አለችኝ። «ጨጓራዬን ላጡት።» ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም ስላት እንደ ሞኝ አየችኝ። ለሆቴሉ ጊዜ ስም አይነሳ ያልኩ ሰው ለእህቴ ልጅ ጊዜ ስም ላንሳ ወይ አለችኝ።

ባለሕንፃው ያረጁ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ደብዳቤው ሲደርሳቸው ሦስት ጊዜ አነበቡት አሉ። ከዚያ ይዘውት ሦስተኛ ፎቅ መጡ። እንግዳ ተቀባይዋ ተበዳሪ በአካል አይስተናገድም፣ በጽሑፍ ነው አለቻቸው። ሽማግሌው በኮሪደሩ ጫፍ የሚታዩትን ካርቶኖች አይተው፣ ደብዳቤውን አይተው፣ እሷን አይተው ወጡ። ሁለት ደብዳቤ ጻፉ። አንዱ ለአበዳሪያቸው ወኪል ነው፦ ተከራዩ እናንተው ናችሁ የሚል። ይህ መዝገብ ቤት ሲደርስ የተከራይ ማንነት ስለሚገልጥ «እናንተው ናችሁ» የሚለው በነጭ ቀለም ተሸፈነ። ሌላው ለተከራያቸው ነው፦ ባዘዛችሁኝ መሠረት ካርቶናችሁን አንሱ፣ አለዚያ ቢሮዬን ልቀቁ የሚል። ድርጅቱን እንደ ተከራይ የሚመለከተው ደብዳቤ በመዝገብ ቤት አያልፍም፤ በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል።

ሁለቱም ወረቀቶች ለአንድ ማክሰኞ ደረሱ። የእሳት አደጋው ሰው የሚመጣበት ሳምንት ነበር። አጀንዳ ሁለት፦ የሁለት መቶ አሥራ ሰባት ባለሕንፃ መልስ። «ተከራዩ» ይልና ነጭ ነው። የሕግ ኃላፊዋ ይህ መልስ አይደለም፣ ማላገጥ ነው አለች። ጠንከር ያለ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸው ተባለና እዚያው ረቂቁን ጻፈች። አጀንዳ ሦስት፦ የቢሮአችን አከራይ የላኩት የድፍረት ደብዳቤ። ሥራ አስኪያጁ አነበቡት። መቼ ነው ያዘዝናቸው፣ ሰውየው ደህና አይደሉም እንዴ አሉ። የሕግ ኃላፊዋ በዚያችው እስክሪብቶ፣ የመጀመሪያው ቀለም ሳይደርቅ፣ ካርቶን ማንሳት ጥናት ስለሚፈልግ ቢያንስ ሦስት ወር ይሰጠን ብላ ጻፈች። የገንዘብ ኃላፊው ለሁለቱም ደብዳቤ ትክክል ነው አለ።

አክስቴ ሁለቱን ረቂቆች ጎን ለጎን አስቀመጠች። ስትነግረኝ፣ ሳቅ ነው ወይስ ልቅሶ የመጣብኝ አላውቅም አለች።

«ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ይህ የተቀመጥንበት ሕንፃ ነው» አለቻቸው። «ልጅ አልወለደም ወይ ያላችሁት ሰውዬ እኛ ነን።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ። የገንዘብ ኃላፊው ትክክል የሚለው ሰው ጠፋበት። አክስቴ ያኔ ይደነግጣሉ፣ አፍረው ይነሳሉ ብላ ጠብቃ ነበር። መጀመሪያ የተናገረችው የሕግ ኃላፊዋ ናት። ስለ ደረጃው አልነበረም፤ ደንቡ ስለ መፍረሱ ነው። የእህትሽ ልጅ መዋያው ውስጥ ትሠራለች ይባላል፣ እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ በንዴት አንቱታውንም ረሳችው። እውነት ነው አለች አክስቴ። እንግዲያውስ ጉዳዩ አድልዎ ገብቶበታል ተባለ። ደግሞም ድርጅቱ ተከራይም ተቆጣጣሪም ከሆነ ለራሱ መወሰን አይችልም፤ ከውጭ አማካሪ ይቀጠር፤ እስከዚያ ድረስ አክስቴ ስም እንዴት እንዳወጣች ሦስቱ በኮሚቴ ይመርምሩ። ይህንንም በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ካርቶኖቹ ወይ ፍንክች።

ረቡዕ የመዋያዋ ባለቤት ለወላጆች ልጆቻችሁን ሌላ ቦታ ፈልጉላቸው ብላ መናገር ጀመረች። የሁለት ልጆች ዕቃ በዚያው ቀን ተሰበሰበ። የአንዷን ሕፃን ትንሽ ብርድ ልብስ አጥፌ ለእናቷ ስሰጥ እናትየዋ ቀና ብላ አላየችኝም። ማታ ያንን ለአክስቴ ስነግራት አልተቆጣችም። ተነስታ ከካርቶኖቹ መካከል የቁጥጥር መመሪያውን አውጥታ ገልጣ ማንበብ ጀመረች። ያንንም የጻፈችው እሷ ናት፤ ግን የጻፈችውን ሁሉ ታስታውሳለች ማለት አይደለም።

ሐሙስ በሦስቱም አመራሮች ጠረጴዛ ላይ አንድ አንድ ወረቀት ተቀመጠ። በመመሪያው አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት የሁለት መቶ አሥራ ሰባት ዳግም ጉብኝት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይካሄዳል። ድምፅ አያስፈልገውም። የተከራዩ ተወካይና የድርጅቱ አመራር ተገኝተው የአደጋ መውጫውን በእግራቸው ይሄዱበታል። የሕግ ኃላፊዋ አንቀጹን አንድ ሰዓት ሙሉ አገላበጠችው፤ የሚነቀስ ነገር አጣች። ሥራ አስኪያጁ አንድ ጊዜ እንደ ተከራይ፣ አንድ ጊዜ እንደ ተቆጣጣሪ ሁለት ቦታ ፈረሙ።

አራቱም መዋያው ሲገቡ ልጆቹ ከእንቅልፍ ተነስተው ብርቱካን እየበሉ ነበር። የኋላውን በር ከፈትኩላቸው። መጀመሪያ አክስቴ በካቢኔቱ ላይ ተንጠላጥላ አለፈች፤ ስልሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ቀጥላ የሕግ ኃላፊዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ አለፈች። ሦስተኛው የገንዘብ ኃላፊው ነው። በካቢኔቱና በደረጃው መደገፊያ መካከል ግማሽ መንገድ ገባና ቆመ። ወደፊት ቢል አይሆንም፣ ወደኋላ ቢል አይሆንም። ሥራ አስኪያጁ ከላይ ሆነው ትከሻውን ገፉት፣ አክስቴ ከታች እጁን ሳበችው፤ ሰውየው ላብ በላብ ሆነ።

ልጆቹ በሩ ላይ ተሰብስበው ያያሉ። አንዷ፣ አፏ ዙሪያ ብርቱካን የሆነ የአራት ዓመት ልጅ፣ ቀረብ ብላ ጎንበስ አለችለት።

«ጋሼ፣ ወዴት ልትሄድ ነው?»

«ልወርድ ነው» አላት።

«እዚያ እኮ አይወረድም። እሱ መንገድ አይደለም፣ ዕቃ ቤት ነው።»

የገንዘብ ኃላፊው አያት። ከዚያ አንገቱን አዙሮ ሥራ አስኪያጁን አያቸው።

«ከዚህ ስወጣ ይህ ሁሉ ዛሬውኑ ይነሳል» አለ። የማንንም ሐሳብ ትክክል አላለም።

የሕግ ኃላፊዋ ከታች፣ ማስወገድ ውሳኔ ይፈልጋል ብላ ጀመረች። አክስቴ፣ ማን አስወግዱ አላችሁ፣ ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ አስገቡት፣ ቢሮአችን ነው፣ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም አለች። ሥራ አስኪያጁ እጃቸው ወደ መነጽራቸው ሄደ። አክስቴ ጠርገው እስኪጨርሱ አልጠበቀችም፤ ከላይ ያለውን ካርቶን አንስታ አስታቀፈቻቸው። ምክትሏና የፋርማሲው ሰዎች መጥተው ካቢኔቱን ጎተቱ፣ የገንዘብ ኃላፊው ነፃ ወጣ። ኮታቸውን አውልቀው አራቱም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተሸከሙ። ስብሰባ አዳራሹ እስከ ጣሪያው ሞላ፣ በሩም አልዘጋ አለ። የሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ከዚያ በኋላ ያለውም ማክሰኞ ስብሰባ አልተካሄደም፤ መዝገብ ቤት ያሉት እንደሚሉት ድርጅቱ እንደዚያ ወር ሠርቶ አያውቅም።

ዓርብ የእሳት አደጋው ሰው መጣ፣ በኋላ ደረጃው ወርዶ በፊት ለፊት ተመልሶ ወጣ፣ ፈረመ። የወጡት ሁለት ልጆች ተመለሱ።

ኮሚቴው ግን ሥራውን አልተወም። ስም በማውጣቷ ለአክስቴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣት ተባለ። የአመራሩ ደብዳቤ ያለ አራት ፊርማ አይጸናም፣ ስለዚህ ማስጠንቀቂያዋን ራሷ እንድትፈርምበት አመጡላት። ፈረመች። እናቴ ይህን ስትሰማ ስልኩ እስኪሰነጠቅ ጮኸች፤ ለእነዚያ ምን ሲባል ትፈርሚያለሽ፣ ዓይናቸው ይጥፋ አለቻት። አክስቴ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ይዛ፣ ማስጠንቀቂያው ልክ ነው፣ ደንብ አፍርሻለሁ፣ ነገ አንዱ ለወንድሙ ሲያፈርስ በየትኛው አፌ እናገራለሁ ትላለች። እኔም እንደ እናቴ ተናድጄ ነበር። ሳህኖቹን አጠብኩ።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹን መውረድ አለማመድናቸው። ሃያ ሁለቱም ገመድ ይዘው፣ እኔ ከፊት፣ የመዋያዋ ባለቤት ከኋላ፣ በባዶው ደረጃ ወረድን። ድምፃቸው በግድግዳው ላይ ያስተጋባል፤ እነሱም ያንን ለመስማት ብለው ቆመው ይጮኻሉ። አንዱ ጫማው ወለቀ፣ አንዱ ደረጃውን እየቆጠረ ስምንት ላይ ጠፋበትና ከአንድ ጀመረ። ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ አክስቴ የእጅ ሰዓቷን ይዛ ቆማለች። የመጨረሻው ልጅ ሲያልፋት ሰዓቷን አየች፣ ፊቷ ጠቆረ።

«አምስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ» አለች። «ይህ መውረድ ነው? በዚህ አያያዝ አመድ ሆናችኋል። በሉ፣ ተመለሱ፣ እንደገና።»

ልጆቹ በደስታ እየተጋፉ ወደ ላይ ሮጡ።